ሐምራዊው ሰደፍ፦ የሃያ ሁለት ጠመንጃ ለምን እንደ ባጃጅ ይሸለማል?

የአክስቴ ልጅ ከአሜሪካ የመጣው በጥምቀት ሰሞን ነበር። መንገዱ ሰላም በነበረበት ጊዜ። ደምበጫ፣ አጎታችን ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጠናል። አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው እየተቀዳ ነው። ልጁ ስልኩን አወጣና "ጋሼ፣ ጠመንጃዬን ላሳይዎ" አለ።

"ጠመንጃ አለህ እንዴ?" አጎቴ ደስ አላቸው። መነጽራቸውን ከደረት ኪሳቸው አውጥተው ስልኩን ተቀበሉ። ቀረብ አድርገው አዩት። ራቅ አድርገው አዩት። ስልኩን አጋድመውም አዩት።

ሰደፉ ሐምራዊና ግራጫ ነው፤ እንደ ቀሚስ ጥለት መስመር በመስመር የተደረደረ። አንገቱ ላይ አውራ ጣት የሚገባበት ትልቅ ቀዳዳ አለው። አፈሙዙ ከሥር እስከ ጫፍ እኩል ወፍራም ነው፣ ልክ እንደ ዘነዘና። ከላዩ ጠርሙስ የሚያህል የማነጣጠሪያ መነጽር ተጭኖበታል።

"ይኼ ጠመንጃ ነው ትራፓኖ?"

በረንዳው በሳቅ ተናጋ። ልጁም ሳቀ፣ ግን ትንሽ እንደከፋው ያስታውቃል። ለዚያ ጠመንጃ ሁለት ዓመት ሙሉ ዕቃ ሲገዛለት ነው የኖረው። "ጋሼ፣ በ50 ሜትር አምስት ጥይት የአንድ ብር ሳንቲም ላይ ያሳርፋል እኮ። መልክ ታጥቦ አይጠጣም ይባል የለ?"

"አይጠጣም" አሉ አጎቴ፣ ስልኩን እየመለሱ። "ግን ይታያል።"

ከዚያ በኋላ ነገሩ አልለቀኝም። ልጁን ስጠይቅ፣ አጎቴን ስጠይቅ፣ ያገኘሁትን ሳነብ ከረምኩ። አንድ ጠመንጃ ለአንዱ የሁለት ዓመት ልፋት፣ ለሌላው ትራፓኖ የሚሆነው ለምንድን ነው? ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ከጥይቷ ልጀምር።

አስቀድሜ ግን አንድ ነገር። ዛሬ በጎጃም ስለ ጠመንጃ እንደ ዋዛ የሚወራበት ጊዜ አይደለም፤ አውቃለሁ። እዚህ የማወራው ስለ ኢላማ ጠመንጃ ነው፤ ስለ እንጨት፣ ስለ ብሎንና ስለ ቀለም። የምጠቅሳቸው የውጭ ዓመቶችም በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ቂጧን የምትመታ ሳይሆን ጠርዟን

የልጁ ጠመንጃ የሚጎርሳት ጥይት "ሃያ ሁለት" ትባላለች። ተተኩሳ የምትወጣው የእርሳሷ ውፍረት 0.22 ኢንች ስለሆነ ነው። በእኛ መለኪያ 5.6 ሚሊ ሜትር መሆኑ ነው። ቁመቷ ከነቀለሁ 25 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ከእስክሪብቶ ትቀጥናለች።

ማንም ጎጃሜ የክላሽ ቀለህ አይቶ ያውቃል። ቂጡ ላይ፣ ልክ መሐሉ ላይ፣ ክብ ነጥብ አለች። ቃታው ሲሳብ የጠመንጃው መርፌ ያችን ነጥብ ይመታል። ውስጧ ያለው ቅመም ይጫራል፤ ባሩዱን ያቀጣጥላል። ክብሪት ማለት ናት።

ሃያ ሁለት ይህች ነጥብ የላትም። ቂጧ ልሙጥ ነው። ታዲያ ክብሪቷ የት ነው? ጠርዟ ውስጥ። የቀለሁ ቂጥ እንደ ባርኔጣ ወደ ውጭ ትንሽ ይዘረጋል። ያ ጠርዝ ውስጡ ክፍት ነው። የሚጫረው ቅመም እዚያ ውስጥ ዙሪያውን ተደርጓል። መርፌው ሲመታ መሐሉን ሳይሆን ጠርዙን ነው። ጠርዙ ይጨፈለቃል፤ ቅመሙ ይጫራል፤ ባሩዱ ይነድዳል። በእንግሊዝኛ "ሪምፋየር" የሚሏት ለዚህ ነው፤ ከጠርዟ የምትነሳ እንደማለት።

ከዚህ ትንሽ ነገር ብዙ ነገር ይመጣል። ጠርዙ ተመትቶ እንዲጨፈለቅ ቀለሁ ስስ መሆን አለበት። ስስ ቀለህ ደግሞ ብዙ ግፊት አይችልም። ስለዚህ ጥይቷ ትንሽ ሆና ቀረች፤ ትልቅ እናድርጋት ያሉ ሁሉ መጨረሻ ላይ ነጥቧን ወደ መሐል መልሰዋል። ሌላም አለ። ትልልቁን ቀለህ ፈረንጆች አጥበው፣ ክብሪቱን ለውጠው፣ ባሩድ ሞልተው እንደገና ይተኩሱበታል። የሃያ ሁለት ቀለህ ግን አንዴ ጠርዙ ከተጨፈለቀ አለቀለት። ይጣላል።

ታሪኳም አጭር አይደለም። ፍሎበር የሚባል ፈረንሳዊ ጠመንጃ ሠሪ በ1845 የመጀመሪያዋን አበጀ። ቤት ውስጥ ለመጫወቻ የሚሆን ኢላማ መምቻ ነበረች። በ1857 ስሚዝ እና ዌሰን ለሽጉጥ አደረጓት። ዛሬ ያለችውን ቅርጽ ያገኘችው በ1887 በስቲቨንስ ፋብሪካ ነው። ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ጎጃምን በሚገዙበት ዘመን ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ መጠኗ አልተለወጠም።

ጉልበቷን በሚዛን እንየው። የሃያ ሁለት እርሳስ 2.6 ግራም ገደማ ይመዝናል። ከአፈሙዝ ሲወጣ በሰከንድ ወደ 330 ሜትር ይሄዳል፤ የድምፅ ፍጥነት አካባቢ ነው። የክላሽ እርሳስ ወደ 8 ግራም ይጠጋል፤ ፍጥነቱ በሰከንድ ከ700 ሜትር በላይ ነው። ሲሰላ ክላሽ አሥራ አራት እጥፍ ገደማ ጉልበት አለው። አባቶቻችን የያዙት ውጅግራ ደግሞ 11 ሚሊ ሜትር ነው። እርሳሱ 25 ግራም! ከአንድ የውጅግራ እርሳስ ዘጠኝ የሃያ ሁለት ወጥቶ ትራፊ ይቀራል።

ይህን ለአጎቴ ስነግራቸው "በል ይኼ ለቆቅ ነው" አሉ። ብዙም አልተሳሳቱም። እዚያም ጥንቸልና ሽኮኮ ነው የሚያድኑበት። ግን "ለቆቅ ነው" የሚለው ቃል ያስፈራኛል። ይህች ትንሽ ጥይት ሰው ትገድላለች። ሽቅብ ከተተኮሰች ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ትሄዳለች። ውሃና ድንጋይ ላይ ነጥራ ማንም ወዳላሰበው ትዞራለች። ትንሽ ናት ብሎ የናቃት ነው የሚጎዳው።

ትከሻ አትመታም። ጩኸቷ ከሌሎቹ ያንሳል። ዋጋዋም ከትልልቆቹ ጋር አይወዳደርም። ስለዚህ ሰው ቀኑን ሙሉ ሲተኩስ ይውላል። ቀኑን ሙሉ የያዝከውን ዕቃ ደግሞ ዝም ብለህ አትተወውም። መነካካት ትጀምራለህ።

ባጃጅና ሩገር

ባህር ዳር ሂዱና ባጃጅ ቁጠሩ። ሁሉም ከአንድ ዓይነት ፋብሪካ ነው የወጣው። ሞተሩ አንድ ነው። ጎማው አንድ ነው። ግን ሁለት የሚመሳሰሉ ባጃጆች አታገኙም። አንዱ ወንበሩን በቀይ ቆዳ አልብሷል። አንዱ የቅዱስ ጊዮርጊስን ሥዕል ለጥፏል፣ ከጎኑ ደግሞ አርሴናልን። አንዱ ጣሪያውን ዙሪያውን ዘርፍ አንጠልጥሎበታል። ሌሊት እንደ ሠርግ ቤት የሚያበራም አለ።

ሩገር 10/22 የሚባለው ጠመንጃም እንደዚያ ነው። በ1964 ነው የወጣው። ስሙ አሥር ጥይት የምትይዝ ካዝናውንና ሃያ ሁለትን ያመለክታል። በሚሊዮን የሚቆጠር ተሸጧል። አዲሱ ሲገዛ ቀላል ነገር ነው፤ 2.3 ኪሎ ገደማ፣ ቡናማ እንጨት፣ ጥቁር ብረት።

ለምን ይህኛው ተመረጠ? ከአሠራሩ ነው። በብዙ ጠመንጃዎች አፈሙዙ የሚገጠመው በጥርስ ተጠምዝዞ ነው፤ ለመፍታት ባለሙያና ማሽን ይፈልጋል። ሩገሩ ግን አፈሙዙን የያዙት ሁለት ብሎኖች ናቸው። የቃታው ዕቃ በሙሉ በሁለት ዘንግ ነው የታሰረው። ሰደፉን አንድ ሁለት ብሎን ፈትተህ ታወጣዋለህ። ባለቤቱ ኩሽና ጠረጴዛ ላይ፣ ጥይት አለመኖሩን አይቶ፣ በትንሽ መፍቻ ይለዋውጠዋል። ሕጉ በሚፈቅድበት አገር ማለቴ ነው። በእኛ አገር ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 የተከለከለ ስለሆነ ጨዋታው ገና ከበሩ ያበቃል።

ይህን ያዩ ፋብሪካዎች የሩገርን ዕቃ እየቀዱ፣ እያሻሻሉ፣ እየቀቡ መሸጥ ጀመሩ። ዛሬ ከሩገር ፋብሪካ አንዲት ብሎን ሳይገዛ ሙሉ ሩገር መገጣጠም ይቻላል። የልጁ ጠመንጃ ላይ ከመጀመሪያው የቀረው የመሐል ብረቱና ካዝናው ብቻ ነው። "ታዲያ ያው ጠመንጃ ነው ትላለህ?" አልኩት። ትከሻውን ነቀነቀ።

ልብስ ሰፊው ቢያየው

ከሚለወጡት ነገሮች ብዙ የሚያወራው ሰደፉ ነው። ሰደፍ ስል ትከሻ ላይ የሚያርፈውን ብቻ አይደለም። እጅ የሚይዘውን እንጨት ሁሉ ጨምሬ ነው።

ሰደፍ ልብስ ነው። የወንድሙን ኮት የለበሰ ሰው ታውቃላችሁ? እጅጌው ይረዝማል፤ ትከሻው ይወርዳል። ከፋብሪካ የሚወጣ ሰደፍም ለማንም አልተለካም። ክንዱ አጭር የሆነ ሰው አንገቱን መዘርጋት አለበት። ጉንጩ እንጨቱ ላይ በደንብ ካላረፈ ዓይኑ መነጽሩ መሐል አይገባም። አንዴ ከፍ፣ አንዴ ዝቅ ይላል። ጥይቱም አብሮት ከፍ ዝቅ ይላል።

ስለዚህ ያ አውራ ጣት የሚገባበት ቀዳዳ አጎቴ እንዳሉት ለትራፓኖ አይደለም። እጅ ሳይጨብጥ፣ ሳይወጠር፣ ቀጥ ብሎ እንዲያርፍ ነው። ጉንጭ የሚያርፍበት ቦታ ከፍ ያለው መነጽሩ ከፍ ብሎ ስለተጫነ ነው። ወፍራሙ አፈሙዝ እንዲገባ የሰደፉ ቦይም ሰፍቷል። ከቀለሙ በስተቀር ሁሉም ምክንያት አለው።

ቀለሙም ቢሆን ከአሠራሩ ይመጣል። እንጨቱ አንድ ወጥ አይደለም። ስስ ስስ ሆኖ ተልጦ፣ እያንዳንዱ ቀለም ውስጥ ተነክሮ፣ በሙጫ ተደራርቦ የተጣበቀ ነው። ኮምፔርሳቶ በሉት። ሲጠረብ ድርብርቡ እንደ ጥለት ይወጣል። ለምን እንዲህ ይደክማሉ? እንጨት ውሃ ስለሚጠጣ ነዋ። በሐምሌ አልዘጋ የሚል በር ያለው ጎጃሜ ይህን ማስረዳት አያስፈልገውም። በሩ ሲያብጥ ጉበኑን እንደሚገፋው፣ ሰደፍም ሲያብጥ አፈሙዙን ይገፋዋል። በጥር ሳንቲም የመታ ጠመንጃ በሐምሌ ሊስት ይችላል። የተደራረበው እንጨት ግን አንዱ ሲጎትት ሌላው ይይዘዋል። ፕላስቲክና አሉሚኒየም ደግሞ ጭራሽ ውሃ አይጠጡም።

የድሮውን መልክ የሚወዱ ሰዎች ዋልነት የሚባለውን እንጨት ይመርጣሉ። ጠንካራ ነው፤ ከክብደቱ አንጻር ቀላል ነው፤ ብዙ አይጣመምም። ከሥሩ አጠገብ የተቆረጠው እንደ ጭስ የተጠቀለለ መስመር አለው፤ ዋጋው አይጠየቅም። የሚቀቡት ምን እንደሆነ ስሰማ ደስ አለኝ፤ የተልባ ዘይት! እኛ በጾም ተልባውን በጥብጠን እንጠጣለን፤ እነሱ ዘይቱን በጨርቅ ነክረው ሰደፍ ያሹበታል። እየደረቀ ሲሄድ እንጨቱን ውስጥ ውስጡን ይዘጋዋል። ቀብቶ ማድረቅ፣ ቀብቶ ማድረቅ፣ ብዙ ጊዜ።

ስለ አፈሙዙ አጠር ላድርግ። ወፍራም አፈሙዝ ቶሎ አይግልም፤ አይንቀጠቀጥም፤ ክብደቱ ደግሞ እጅ ያረጋል። ዋናው ምሥጢር ግን ውስጡ ነው፤ የተጠማዘዘው ቦይና ጥይቷ የምትቀመጥበት ቦታ። ከውጭ አይታይም።

ጥይቱ ላይ ግን ልቆይ፤ ምክንያቱም እዚህ ጠመንጃ እንደ ላም ይሆናል። አንዷ ላም የጤፍ ጭድ ትወዳለች፤ ሌላዋ አሽትታ ትተወዋለች። አንድ ዓይነት ሁለት ጠመንጃ ከአንድ ፋብሪካ ወጥተው፣ አንዱ ይህን ጥይት ሲወድ ሌላው ይበትነዋል። ለምን እንደሆነ ከመተኮስ በፊት ማንም አይነግርህም። ትልልቆቹ ተወዳዳሪዎች ጠመንጃቸውን ተሸክመው እንደ ኤሌይና ላፑዋ ያሉ ጥይት ሠሪዎች መሞከሪያ ድረስ ይሄዳሉ። ጠመንጃው በብረት ይታሰራል። በአንድ ቀን የተሠራው ጥይት፣ በሌላ ቀን የተሠራው እየተባለ ይተኮሳል። የወደደውን ሲያገኙ ለዓመት የሚሆን ይገዛሉ።

ቃታው ላላ ብሎና ሳይንገጫገጭ ሲሳብ እጅ አይናወጥም፤ ይህን ለባለሙያ መተው ነው። መነጽሩ ላይ ልጁ ተሸውዷል። ሻጩ "ትልቅ ነው፣ አሪፍ ነው" ብሎ ለትልቅ ጠመንጃ የተሠራውን ሸጠለት። እሱ ለ100 ሜትር አካባቢ የተስተካከለ ነው። በቅርብ ርቀት ሲያዩበት፣ ጭንቅላት ትንሽ ፈቀቅ ካለ የመሐሉ መስቀል ኢላማው ላይ ይንሸራተታል። ለሃያ ሁለት የሚሠራው በግማሽ ርቀት ይስተካከላል። ይህን ሲያውቅ ሳጥኑን ጥሎታል፤ መመለስ አልቻለም።

አሁን ልጁን አንድ ጥያቄ ጠየቅኩት። "ገንዘቡ የተገኘው በየተራ ነው። መጀመሪያ የገዛኸው ምንድን ነው?"

በልኩ ቢሆን መጀመሪያ የሚገዛው ልዩ ልዩ ጥይት ነው። ርካሽ ነው፤ ለውጡም ወዲያው ይታያል። ሰደፍ መጨረሻ ቢመጣም ይሆናል።

"ሰደፉን" አለ።

"ለምን?"

ዝም አለ። ከዚያ ሳቀ። "ሐምራዊ ስለነበር።"

መልክ ታጥቦ አይጠጣም ያለው እሱ ነው እንግዲህ!

የአያት ጌጥ

በማግሥቱ አጎቴ የአያታቸውን ውጅግራ ከግድግዳ አወረዱልን። ከተተኮሰበት ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ ጥይቱ ድሮ አልቋል። ስሙ የመጣው ከፈረንሳይኛው "ፉዚል ግራ" ነው፤ የ1874ቱ የግራ ጠመንጃ። አንድ ጎራሽ ነው። ቁመቱ 1 ሜትር ከ30። አፈሙዙን ወደ ላይ አድርገው ሲያቆሙት ከልጁ ደረት ደረሰ።

ጭኔ ላይ አጋድሜ ቀስ ብዬ አየሁት። አንገቱ ላይ እንጨቱ አንዴ ተሰብሯል። እርጥብ ጠፍር ተጠምጥሞበት ደርቋል፤ ሲደርቅ ተኮማትሮ እንደ ብረት ይዞታል። የሰደፉ ጫፍ ከሌላው ቀላ ይላል። ፈረንሳይ የሠራው እንጨት አይደለም፤ ዋንዛ ነው። እዚሁ አገር የተጠረበ። በጎኑ የናስ ምስማር በመስቀል ቅርጽ ተመትቷል። ቆጠርኩት፤ አሥራ ሦስት። ጉንጭ የሚያርፍበት ቦታ እንደ መስታወት ያበራል፤ ጠቁሯልም። "ቅቤ ነው" አሉኝ አጎቴ። አያታቸው ጸጉራቸውን ይቀቡ ነበር።

"ጋሼ፣ ይኼም እኮ ተለዋውጧል" አለ ልጁ።

"ይኼ ጌጥ ነው።"

"የኔስ?"

"ያንተ ቀለም ነው።"

ይህን ክርክር ማንም አያሸንፈውም። ግን ከየት እንደሚመጣ የገባኝ ያኔ ነው። አጎቴ ጠመንጃን የሚያዩት ከፊት ነው። ሰው ትከሻ ላይ ሆኖ፣ ሠርግ ላይ፣ ጥምቀት ላይ፣ ፉከራ ሲፎከር፣ ለቅሶ ላይ። የጠመንጃው መልክ የባለቤቱ መልክ ነው፤ እንደ ጋቢው፣ እንደ በቅሎው። ተመልካች አለው። ረጅም መሆን አለበት፤ ቀጭን መሆን አለበት፤ ሲቆም ማማር አለበት። ልጁ ጠመንጃውን የሚያየው ከኋላ ነው። ሆዱ ላይ ተኝቶ ወይም ጠረጴዛ ላይ ተደግፎ፣ ጉንጩን አስጠግቶ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ። ማንም አያየውም። ስለዚህ ለእጁና ለጉንጩ ይመች እንጂ ሌላው ጉዳዩ አይደለም። ከሐምራዊው በቀር።

ከኋላ ብቻ የሚታይ ጠመንጃ ወዴት እንደሚሄድ ማየት የፈለገ የኦሎምፒክ ተኳሾችን ይይ። በ50 ሜትር የሚተኮሰው ውድድር በዚችው በሃያ ሁለት ነው። የመሐሏ አሥር ነጥብ ስፋቷ 10.4 ሚሊ ሜትር ብቻ ናት፤ የአተር ፍሬ ብትበልጥ ነው። ጠመንጃው እስከ 8 ኪሎ ይፈቀድለታል። ብሎን በብሎን ነው። የሰደፉ ጫፍ በብብት ሥር የሚገባ ቆልማማ ብረት አለው። የጉንጩ መደገፊያ ለብቻው ይወጣል፣ ይወርዳል። የተሠራው ለአንድ ሰው አካል ነው፤ ለሌላ ሰው ቢሰጥ አይመችም። ፎቶውን ለአጎቴ አሳየኋቸው። "ይኼስ የሰው ሠራሽ እግር ነው" አሉ። እኔ ግን እውነቱን ለመናገር እሱ ነው ያማረኝ። ምንም የሚዋሽ ነገር የለውም።

የማልወደውን ልንገራችሁ። ትንሿን ሃያ ሁለት እንደ ጦር መሣሪያ ማልበስ አለ። ጥቁር ፕላስቲክ፣ ረጅም ካዝና፣ የሚታጠፍ ሰደፍ። ውስጡ ያው የቆቅ ጥይት ነው። ይኼ ለእኔ የአባቱን ጫማ አድርጎ ግቢ ውስጥ የሚዞር ሕፃን ነው የሚመስለኝ። ልጁ በዚህ አይስማማም። "ወታደር የነበረ ሰው እጁ የለመደውን ቅርጽ ይፈልጋል፤ በርካሽ ጥይት ይለማመድበታል" ይላል። እሱም ልክ ነው።

ይህ የመልክ ነገር ሕግ ውስጥም ገብቶ ያውቃል። አሜሪካ በ1994 ባወጣችው የፌዴራል ሕግ፣ ካዝናው የሚነቀል በራሱ የሚያጎርስ ጠመንጃ ከተዘረዘሩት ነገሮች ሁለቱ ካሉበት ይከለከል ነበር። ከዝርዝሩ ውስጥ የሚታጠፍ ሰደፍ፣ እንደ ሽጉጥ የሚያዝ እጀታና ሳንጃ መሰኪያ ይገኙበታል። ደጋፊዎቹ እነዚህ ነገሮች መሣሪያውን ለጥቃት ያመቹታል አሉ። ተቃዋሚዎቹ የከለከላችሁት መልክ ነው አሉ። ሕጉ በ2004 ጊዜው አልፎ ቀረ። ክርክሩ ግን አላለፈም።

በሌላው ጫፍ ደግሞ ሮዝ፣ ብርቱካናማ፣ ሰማያዊ የተቀባ አለ። እዚህ ላይ ቀልድ አቆማለሁ። ሕፃን ልጅ መጫወቻ የሚመስለውን ነገር ያነሳዋል። ጠመንጃ ምንም ቀለም ይኑረው፣ ጎርሷል ብሎ ማሰብ፣ አፈሙዙን ወደ ሰው አለማዞር፣ ጣትን እስኪተኩሱ ድረስ ከቃታ ማራቅ፣ ከጥይቱ ለይቶ ቆልፎ ማስቀመጥ። ልጁ ቤት ውስጥ የብረት ሣጥን አለው፤ ቁልፉ ከሱ አይለይም። ይህን ሲሰሙ አጎቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ።

ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አላቸው።

"ለመሆኑ ማንገቻው የት አለ?"

"የለውም፣ ጋሼ።"

"በምን ታነግተዋለህ?"

"አላነግተውም። ወደ ኢላማ ሜዳው ስሄድ ሻንጣ ውስጥ ነው የማደርገው።"

"ጠመንጃ በሻንጣ!" አጎቴ ወደኔ ዞሩ። ምስክር የሚፈልጉ ይመስላሉ።

ልጁ ሊሄድ ሦስት ቀን ሲቀረው አጎቴ ገበያ ወጡ። ሲመለሱ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ይዘዋል። የበሬ ቆዳ ማንገቻ ነው፤ ሁለት ጣት ስፋት፣ ጠርዙ በነጭ ክር የተሰፋ፣ ዳርና ዳሩ ላይ ዛጎል የተሰካበት። ገና ቆዳ ቆዳ ይሸታል። ልጁ ሻንጣው ውስጥ፣ ከበርበሬውና ከሽሮው መሐል ከተተው።

ከሁለት ወር በኋላ ፎቶ ላከ። ሰደፉ ላይ ሁለት የብረት ቀለበት አስገብቷል። ያ ሐምራዊ ትራፓኖ ግድግዳ ላይ ተደግፎ ቆሟል፤ የጎጃም ማንገቻው ዛጎሉን አንጠልጥሎ። ስልኩን ይዤ አጎቴ ዘንድ ሄድኩ። መነጽራቸውን አደረጉ። ቀረብ አድርገው አዩት። ራቅ አድርገው አዩት።

"አሁን ሰው መሰለ" አሉ።